ሳይከፈት ያወደው ብልቃጥ

የሽቶ መራጭ ጉባኤ ማክሰኞ ግንቦት ፲፮ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም. በሸዋ ሮቢት፣ በሐጂ ቃሲም የጥጥ መጋዘን ውስጥ፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ተቀመጠ። የጣሊያን ጽሕፈት ቤት ይህን ዓመት ዐሥራ ስድስተኛው ይለዋል፤ የምን ዐሥራ ስድስተኛ እንደሆነ ጉባኤው አልጠየቀም።

የተገኙ፦

ሐጂ ቃሲም፣ ነጋዴ፣ ሰብሳቢ። ስለ ዑድ፣ ከእንጨት ስለሚወጣው ሽቶ፣ የሚናገሩት ሁሉ «መካ ሳለሁ» ብሎ ይጀምራል።

እትዬ ጣይባ፣ ሽቶ ሻጭ፣ አባል። ሠላሳ ዓመት ጽጌረዳ ብቻ ሸጠዋል፤ ዑድ በደጃቸው አላሳለፉም።

ባላምባራስ ወልደማርያም፣ የቀወት ገበሬ፣ አባል። ስለ ሽቶ ምንም እንደማያውቁ አመልክተው ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱ ከክርስቲያን ወገንም አንድ ሰው ይኑር ስላለ ማመልከቻቸው ተቀባይነት አላገኘም።

ሐምዲያ፣ የሟቹ የዑድ ነጋዴ የሷሊሕ ባለቤት፣ አማካሪ። ባሏ ሞተ ከተባለ ሁለት ወር ሆነው። ኢዳ ላይ ናት፤ በእስልምና ደንብ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ሽቶና ሂና አትቀባም፣ አትኳልም። ስለዚህ ሳትቀባ በአፏ ብቻ እንድትመክር በጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ተጠርታለች።

ወርቁ፣ ጸሐፊ።

ያልተገኘ፦ አብዱልሃዲ፣ አባል። ሊጠራው የተላከውም ሰው ስላልተመለሰ ሁለቱም ቀሪ ተብለው ተመዝግበዋል።

ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ነው ስለተባለ፣ ሐምዲያ ዘግይታ ብትመጣም እንደተገኘች ተቆጥራ፣ ጸሐፊው ከሰው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ክርክር ተነሣ። ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ ጸሐፊው እንዲቆጠር፣ ነገር ግን እንዳይናገር ተወሰነ። ጸሐፊው በዚህ ላይ የሚለው ነበረው።

አጀንዳ ፩፦ የትእዛዙ መነበብ

የጽሕፈት ቤቱ አስተርጓሚ አቶ ይልማ ትእዛዙን አነበቡ። በአጭሩ፣ ከአንድ ባለግመል ነጋዴ ላይ ሁለት ብልቃጥ ሽቶ በኬላ ተይዟል፤ አንዱ ጽጌረዳ፣ አንዱ ዑድ ነው። ሐሙስ የአዛዡ አለቃ ሚስት በከተማው ስለሚያልፉ አዛዡ የሚበልጠውን ሊያበረክቱላቸው አስበዋል። የትኛው እንደሚበልጥ የአገሩ ሰው ተቀብቶና አነጻጽሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስታውቅ ይላል። ባላምባራስ ወልደማርያም ሽቶው የተወሰደበት ነጋዴ አሁን የት እንዳለ ጠየቁ። አቶ ይልማ ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነው አሉ። ከዚያም በሰም የታሸጉትን ብልቃጦች አስረክበው፣ በዘጠኝ ሰዓት ተመልሰው ውሳኔውንም የተገኙትንም ሰዎች በዓይናቸው እንደሚያዩ አስጠንቅቀው ወጡ። ከወጡ በኋላ ባላምባራስ አንድ ቃል ተናገሩ። ቃሉ በቃለ ጉባኤ የሚጻፍ አይደለም።

አጀንዳ ፪፦ የአቀባቡ ሥርዓት

እትዬ ጣይባ ጽጌረዳው ቀድሞ በቀኝ እጅ፣ ዑዱ ኋላ በግራ እጅ እንዲቀባ አሳሰቡ፤ ዑድ አንዴ ከገባ ሌላ አያስገባም ብለዋል። ሐጂ ቃሲም ይህ ዑድን መስደብ ነው ሲሉ ተቃወሙ። መካ ሳሉ ጽጌረዳ የሚቀባ ትልቅ ሰው አለማየታቸውንም ገለጹ። እትዬ ጣይባ፦ «ዑድማ ከሰውየው ቀድሞ ገብቶ ከሰውየው ኋላ የሚወጣ ነው። ጽጌረዳ ሰላም ብሎ ይሄዳል» አሉ። ሐጂ ቃሲም፦ «ሰላም ብሎ የሚሄድ መንገደኛ ነው» ሲሉ መለሱ። ይህ ክርክር በሁለቱ መካከል ሠላሳ ዓመት የቆየ ስለሆነ ሰብሳቢው ራሳቸውን ገሥጸው አስቆሙት።

ባላምባራስ በቀኝ እጃቸው እንደሚበሉ፣ እንጀራቸው አበባ አበባ እንዲላቸውም እንደማይሹ አመለከቱ። የእርሳቸው በአንገታቸው ላይ እንዲሆን ተፈቀደ። እንዲሁም አፍንጫ እንዲያርፍ እያንዳንዱ አባል በመካከሉ የራሱን ክርን እንዲያሸት እትዬ ጣይባ መከሩ። ባላምባራስ ክርናቸውን አሽትተው፣ «በሬ በሬ ነው የሚለኝ» አሉ፤ ይህም እንደ ነውር እንዳይጻፍባቸው አሳሰቡ።

ጽጌረዳው ተከፍቶ ተቀቡ። ሽቶ በፀሐይ ስለሚፈተን አባላቱ እስከ ሮቢ ወንዝ ሄደው እንዲመለሱ ተወሰነ። አባላቱ እስከ በሩ ድረስ ሄደው፣ ፀሐይዋን አይተው፣ እንደሄዱ ይቆጠር ብለው ተመለሱ።

አጀንዳ ፫፦ ሳይያዝ የመጣ ጉዳይ

በዚህ ጊዜ ሐምዲያ ገብታ፣ ሰላምታ ሰጥታ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው የጥጥ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ባላምባራስ እጃቸውን አንሥተው፣ ነገር ማስረዘም አያስፈልግም፣ ዑዱ በልጧል፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አሽትቼ አላውቅም አሉ። ሐጂ ቃሲም አየሩን ሳብ አድርገው በሐሳቡ ተስማሙ። ጸሐፊውም መናገር ባይፈቀድለት ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ጣይባ የዑዱን ብልቃጥ አንሥተው ለጉባኤው አሳዩ። ሰሙ አልተነካም፤ ብልቃጡ ገና አልተከፈተም።

ሽታው ከየት እንደመጣ ለማወቅ አባላቱ በየተራ እንዲሸተቱ ተወሰነ። ሐጂ ቃሲም ጽጌረዳና ትንባሆ ሆነው ተገኙ፤ ትንባሆውን አስተባበሉ። ጸሐፊው ቀለም ሆኖ ተገኘ። እትዬ ጣይባ የሐምዲያን ሻርፕ ጫፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ወዲያው ለቀቁትና፣ «አፍንጫዬ ዛሬ ደህና አይደለም፣ ወደ ሌላ ነገር እንለፍ» አሉ። ባላምባራስ ግን ብድግ ብለው፣ «እንዴ! ከዚህች ልጅ ነው እንጂ! ልጄ፣ ይህን የመሰለ ከየት አገኘሽው?» ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ። በሩ እንዲዘጋ ተወሰነ። ሐጂ ቃሲም በባላምባራስ ጆሮ ስለ ኢዳ ጥቂት ተናገሩ። ባላምባራስ፦ «በማርያም!» ብለው ተቀመጡ።

ሐጂ ቃሲም፦ «ልጄ፣ ተቀብተሻል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሐምዲያ፦ «ወላሂ፣ እኔ አልተቀባሁም» አለች። መልሷ እውነት ስለነበር ጉባኤው ይበልጥ ደነገጠ። ተቀብታ ቢሆን ኀጢአቱ የራሷ ነበር፤ ካልተቀባች ግን የተቀባ ሰው አቅፏታል ማለት ነው።

እትዬ ጣይባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያስረዱ፣ ይህ ዑድ ከቅርንፉድ ጋር የተቀመመ ነው፤ በዚህ አገር እንዲህ የሚቀምም ሷሊሕ ብቻ ነበር፤ ዑዱ በልብስ ላይ ወር ይቆያል፣ ቅርንፉዱ ግን ከአንድ ቀን አያልፍም። «ይህ የትናንት ነው» አሉ።

ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው፣ ሷሊሕ በመጋቢት ወር ወደ አዋሽ በረሃ ወርዶ በንዳድ ሞተ ተባለ። ሐጂ ቃሲም አስከሬኑ በሌለበት የሩቅ ሶላት አሰገዱበት፤ እትዬ ጣይባ ለለቀስተኛው ምሳ አመላለሱ፤ አቶ ይልማ ስሙን ከሟቾች መዝገብ አገቡት። ጽሕፈት ቤቱ ከአርበኛ ጋር በረሃ የገባን ሰው ሚስት ያስራል፤ የሟችን ሚስት ግን አያስርም። ሐምዲያ በቤቷ የምታድረው በዚያች አንዲት የመዝገብ መስመር ነው። አቶ ይልማ ደግሞ የሷሊሕን ዑድ ያውቁታል፤ ለሠርጋቸው የገዙት ከእርሱ ነው። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኖ ነበር። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ በሩን እያየ ጽፏል፤ ከዚህ በታች ያለው ጽሕፈት የማያምረው ለዚህ ነው።

ሐጂ ቃሲም ላልሞተ ሰው ያሰገዱት ሶላት ምን እንደሚሆን ጮክ ብለው ጠየቁ፤ «ዱዓ አይባክንም፣ ይቀመጥለታል» ብለውም ለራሳቸው መለሱ። እትዬ ጣይባ በሁለት ወር ውስጥ ለዚህ ሰው ያፈሰሱትን እንባ እየዘረዘሩ ተቆጡ። ሐምዲያ አንገቷን ደፋች።

አጀንዳ ፬፦ መላ ስለመፈለግ

ሐምዲያ ወደ ቤቷ ትሂድ ተባለ። አቶ ይልማ የተገኙትን ስለሚያዩ አልተቻለም። ስሟ ይፋቅ ተባለ። ጸሐፊው በቀለም የተጻፈ እንደማይፋቅ በእጁ ምልክት አስረዳ። ሻርፗ ወንዝ ውስጥ ይታጠብ ተባለ። እርጥብ ሻርፕ የለበሰች ሴት ሌላ ጥያቄ ታመጣለች ተብሎ ቀረ። ባላምባራስ አንድ ወጠጤ ፍየል ወደ መጋዘኑ እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ፤ ወጠጤ ባለበት ሽቶ ብሎ ነገር የለም አሉ። ሐሳቡ ብዙ ደጋፊ ነበረው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወጠጤ ባለመገኘቱ ብቻ ወደቀ።

ያን ጊዜ እትዬ ጣይባ ተነሥተው፦ «ሁላችንም ዑድ እንቀባ። ሁላችንም ከሸተትን ከእኛ ተጋባባት እንላለን» አሉ። ሐጂ ቃሲም፦ «አንቱ? ዑድ?» አሉ። እትዬ ጣይባ፦ «ሐጂ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ አምጡት» አሉ። ሰሙን በጥርሳቸው ነክሰው ከፈቱና በሁለት እጃቸው፣ በአንገታቸው፣ በሻሻቸው ቀቡት። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሐጂ ቃሲም «መካ ሳለሁ» ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ባላምባራስና ጸሐፊውም ተቀቡ።

የብልቃጡ ዑድ ቅርንፉድ ስለሌለው እትዬ ጣይባ ለጥርሳቸው ሕመም ከሚይዙት ቋጠሮ አውጥተው ለሁሉም ቅርንፉድ አደሉ፤ ታኘከ። ባላምባራስ ለጥንቃቄ ብለው የቀረውን ዑድ በጋቢያቸው ላይ ገለበጡት። ብልቃጡ ባዶ መሆኑ ከታየ በኋላ ጽጌረዳው እንደሚበልጥ ተወሰነ፤ የቀረው እርሱ ነውና። እትዬ ጣይባ፦ «ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ነው፤ እንዲህማ አልፈልገውም» ብለው ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ።

አጀንዳ ፭፦ የአስተርጓሚው መመለስ

ልክ በዘጠኝ ሰዓት አቶ ይልማ ገቡ፤ ወጥተው አስነጠሱ፤ እንደገና ገቡ። «ዑድ የተቀባው ማነው?» አሉ። ጉባኤው በሙሉ ተነሣ። ሐምዲያ ብቻ ተቀምጣ ቀረች። አቶ ይልማ ወደ እርሷ እየቀረቡ፣ ይህች ሴት ኢዳ ላይ አይደለችም ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሐጂ ቃሲም ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ከሌሎቹ ተጋብቶባት ነው አሉ። መጋዘኑ አራት መቶ ጆንያ ጥጥ ይይዛል።

አቶ ይልማ ከሐምዲያ አንድ ክንድ ርቀው ቆሙ። አየሩን ሁለት ጊዜ ሳቡ። በመጨረሻ፦ «ቅርንፉድ አለበት» አሉ። ባላምባራስ አፋቸውን ከፍተው የሚያኝኩትን አሳዩ፤ ጥርሴን አሞኝ ነው አሉ። ሐጂ ቃሲምም ጥርሳቸውን እንዳመማቸው ገለጹ። ጸሐፊው ጉንጩን ያዘ። አቶ ይልማ ጥርሱን የታመመውን ጉባኤ አንድ በአንድ ተመለከቱ።

ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ሷሊሕን ከሟቾች መዝገብ ያገባሁት በገዛ እጄ ነው። ከእኔ መዝገብ ገብቶ የተነሣ ሰው የለም።» መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ያዙ። «ከጠዋት ጀምሮ ጉንፋን ይዞኛል። እናንተንም ይዟችኋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሽቶ አይመርጥም። ይጻፍ።» ጽጌረዳውን ይዘው ሄዱ። ለራሳቸው ፈርተው ይሁን አዝነውላት ጸሐፊው አላወቀም፤ ያም ሆነ ይህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውየውን ወዷቸዋል።

ሐምዲያ አለቀሰች። በሁለቱ ወር ለቅሶ እንዲህ ስታለቅስ ያየ የለም። ሐጂ ቃሲም «ሟች ባሏን አስታውሳ» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ፤ ተጽፏል።

እንባዋን ጠርጋ፣ ኢዳዬ እንዴት ይሁን ብላ ጠየቀች። ሐጂ ቃሲም፦ «በዚህ ቤት ውስጥ ባለትዳር ነሽ። ከደጅ ስትወጪ መበለት ነሽ፤ ሁለት ወር ከምናምን ይቀርሻል፣ ትጨርሺዋለሽ» አሉ። እትዬ ጣይባ፦ «ሰውየውን ምከሪው እንጂ! ነፍሱን በእጁ ይዞ ከበረሃ የሚመጣ ሰው ሽቶ ይቀባል?» ሲሉ ተቆጡ። ሐምዲያ፦ «ላብ ላብ እየሸተትኩ አላቅፋትም ብሎ ነው፣ እትዬ» አለች። እትዬ ጣይባ ፊታቸውን ወደ ጥጡ አዞሩ።

ጉባኤው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲነሣ የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል፦

፩ኛ፤ አባላቱ ሁሉ ጉንፋን የያዛቸው ስለሆነ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ፣ የእጁ፣ የክርኑ፣ የፀሐዩና የጽጌረዳው መብለጥ ጭምር፣ ተሽሯል። ጉባኤውም እንዳልተሰበሰበ ይቆጠራል።

፪ኛ፤ ይህ ቃለ ጉባኤ ይቃጠል። ጸሐፊው፣ አሁን መናገር ተፈቅዶለት፣ ነገ አቃጥለዋለሁ ብሏል።

፫ኛ፤ ከዚህ ሽረት ውጭ የሚሆነው ይህ ብቻ ነው፦ ሟቹ ሷሊሕ፣ አላህ ይማረውና፣ ከእንግዲህ ወደ ቤቱ ሲመጣ ሽቶ እንዳይቀባ፤ ሚስቱም ከነላቡ እንድትቀበለው ተወስኗል።