አምና ላይ የቀረው ሰርቨራችን

ዛሬ ካዛንቺስ ቢሮዬ ውስጥ የገጠመኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔ ራሴ ገና እየለመድኩት ነው።

ለማታውቁኝ፦ ለትንንሽ ድርጅቶች ሶፍትዌር የሚሸጥ ቢሮ ውስጥ አይቲ ነኝ። ቋሚ አይደለሁም፣ ሙከራ ላይ ነኝ። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ግን "የዛሬዋን ደንበኛ ካስፈረምክልኝ ቋሚ ትሆናለህ" ብለውኛል።

ደንበኛዋ ቂርቆስ ክሊኒክ ያላቸው እትዬ አልማዝ ናቸው። ገና ከመቀመጣቸው፣ ጋሽ ታደሰም አጠገባችን ተቀምጠው ሳለ፣ ስብከቴን ለቀቅኩት።

"እትዬ፣ አንድ ማሽን ውስጥ ሦስት ቨርቹዋል ሰርቨር ካለ አንድ ላይሰንስ፣ ማለት የተገዛ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ለሁሉም ይበቃል ማለት አይደለም። ያለ ላይሰንስ መሥራት ኋላ ጣጣ አለው።"

እንዴት እንዳማረብኝ!

አሁን ጉዱን ስሙ። እየሰበክሁ ያለሁበት የራሳችን ሰርቨር ላይሰንስ የለውም።

የጫንኩበት ለጥቂት ጊዜ በነጻ የሚሰጠውን የሙከራ ሶፍትዌር ነው፣ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ለጋሽ ታደሰ "የላይሰንሱን ጉዳይ ጨርሼዋለሁ" ብያቸዋለሁ። ማለቴ፣ አራዳው እኔ የሰርቨሩን ቀን ወደ አምና መልሼው ነበር። ምስኪኑ ጊዜው ያላለፈበት መስሎት ይሠራል። በቃ፣ ማን ያያል?

እትዬ አልማዝ ያያሉ።

ለማሳያ ብዬ በስማቸው ደረሰኝ ሠርቼ ስክሪኑ ላይ አወጣሁ። መነጽራቸውን አደረጉ።

"ልጄ፣ እዚህ ላይ ያለው ቀን የአምና አይደለም እንዴ?"

"በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው" አልኩ፣ ሳላስብ።

አትሳቁ። ሌላ አገር ያለ አይቲ ይቺን ማምለጫ እንኳ የለውም።

"በኛማ ቢሆን ሰባት ስምንት ዓመት ነው የሚጎድለው" አሉ ረጋ ብለው። "ይኼ አንድ ዓመት ብቻ የሚጎድለው የማን አቆጣጠር ነው?"

ጋሽ ታደሰም ወደ እኔ ዞሩ። "የማን ነው?"

እየተንተባተብኩ ተናዘዝኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፣ እውነቴን ነው።

እትዬ አልማዝ ቦርሳቸውን አንስተው "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አሉ። "እናንተ ስትገዙ ደውሉልኝ፣ ያኔ እገዛለሁ።" ወጡ።

ጋሽ ታደሰ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለእትዬ አልማዝ ያዘጋጀሁትን ፕሮፎርማ ወስደው ስማቸውን ሰረዙና የኛን ቢሮ ስም ጻፉበት። "ዛሬውኑ ይገዛ" አሉኝ።

እና ወገን፣ ቀኑን ሙሉ ሰብኬ አንድ ደንበኛ አሳምኛለሁ፤ እሱም የገዛ ቢሮዬ ነው። ለቋሚነት ይቆጠርልኛል ትላላችሁ?