የአማላጅ ያለህ

ክርስቶስ ማን ነው፣ እንዴትስ ያድነናል በሚለው ነገር ሊቃውንት ከኒቅያ ጀምሮ ጉባኤ እየጠሩ ሲወጋገዙ ኖረዋል። እኛም በአቅማችን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ የኔ ልብስ ስፌት በር ላይ ጉባኤ አለን። አባቶቹ ሁለት ነን፤ እኔና ጎረቤቴ ኦቦ ገመዳ።

ኦቦ ገመዳ ጴንጤ ነው፤ እኔ የሸዋ ቄስ የልጅ ልጅ። እሱ፣ አማላጃችን ክርስቶስ ብቻ ነው፣ በቀጥታ መቅረብ እያለ ሌላ አማላጅ ምን ያደርጋል ይላል። እኔ ደግሞ፣ እሱማ ፈራጅ ነው፤ ፈራጅ ዘንድ ዘው ተብሎ ይገባል እንዴ? እመቤታችን ምን አድርጋ ነው የምትታለፈው እለዋለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ወንጌል ሰምቶ ይሄዳል። ሱሪው ግን እንደረዘመ ነው።

አንድ እሑድ ታዲያ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ሽማግሌ አልቀመጥም ካለ ልጅ ሊጠይቅ ነው። ለካ የኦቦ ገመዳ ልጅ ቶሌራና የኔ ሣራ ተዋደው ኖሯል፤ ከኔ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጁን እኔም እወደዋለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ግን እንዲህ ያለ ቀን መቼ ይገኛል? ማን ላካችሁ አልኳቸው። ኦቦ ገመዳ አሉኝ። እሱ አማላጅ ምን ያደርጋል ሲል አልነበር? በሉ በቀጥታ ይምጣ በሉት ብዬ መለስኳቸው። ባለቤቴ አስካለ ኮስተር አለችብኝ። ሣራ ራቷን ሳትበላ ተኛች። ያኔ ማሸነፌ ቆረቆረኝ።

በማግስቱ ኦቦ ገመዳ ብቻውን መጥቶ ሳሎን መሐል ቆመ። ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ? እሺ እንዳልለው፣ አባት ልጁን በአንድ ቃል ሰጠ ሊባል ነው። እምቢ እንዳልለው፣ የልጄን ፊት አይቻለሁ። መሐል ገብቶ እስቲ ለኛ ሲሉ የሚል ሰው ከሌለ በምን አፌ ልመለስ? ጓዳ ገባሁና አስካለን፣ አስብበታለሁ ብሏል በይልኝ አልኳት።

ወጣች። መጋረጃው ሥር ቆሜ ስሰማ፣ እሺ ብሏል፣ ይቀመጡ አለችው።

ልቆጣ ብዬ ነበር፤ ሣራ በጓሮ ስትስቅ ሰማሁና ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የት ቤተ ክርስቲያን ይጋቡ የሚለው ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው።

ኦቦ ገመዳ ከሳሎን ሆኖ፣ በአማላጅ ስመጣ በቀጥታ ና አልከኝ፤ በቀጥታ ስመጣ በአማላጅ ትመልስልኛለህ ወይ አለኝ። አማላጁ ማን ነው፣ ፈራጁስ ማን ነው እያልን ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን። በኔ ቤት ሁለቱም አስካለ ናት።