የጎሬው ሰገነትና የጓሮው ቤት

ማስተርጎም ቀላል ሥራ ነው የሚል ሰው ካገኛችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። ከጋሼ ታደለ ጋር አንድ ቀን አውለዋለሁ።

እኔ መቱ ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። እዚህ አገር እንግሊዝኛ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የከተማው ሁሉ ንብረት መሆን ማለት ነው። የጄኔሬተር መመሪያ ያስነብቡሃል። ስልኬ ምን እያለኝ ነው ብለው መንገድ ላይ ያቆሙሃል። የውጭ አገር ሰው ከሚኒባስ ከወረደ ደግሞ ምሳህን ጥለህ ትሄዳለህ።

ጋሼ ታደለ የሚኖሩት ጎሬ ነው፤ ከመቱ ሽቅብ። ጡረታ ሲወጡ አስጎብኚ ሆኑ። ማን ሾማቸው? ራሳቸው። ሰፊ ኮፍያ ገዙ፣ ከዘራ ያዙ፣ አለቀ። ጎሬ ድሮ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ በኋላ ቢሮው ሁሉ ወደ መቱ ወረደ። የጎሬ ሰው ይህን እስከ ዛሬ አልዋጠውም። ቢሮው ቢሄድ ታሪኩን ማን ይወስድብናል ብለው ጋሼ ታደለ እንግዳ ቢያዞሩበት አይፈረድባቸውም።

መንገዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ የድሮው የእንግሊዝ ቆንስል ግቢ፣ ከዚያ የግሪክ ነጋዴዎች የቡና መጋዘን። በየት በኩል እንደሚታጠፉ አይገባኝም እንጂ፣ በመጨረሻ ጉብኝቱ የራሳቸው አያት ቤት ላይ ያርፋል። አያታቸው ከሸዋ ጦር ይዘው የመጡ ቀኛዝማች ነበሩ። ቤቱ ባለ ፎቅ ነው። የእንጨት ሰገነቱ እውነትም ያምራል። ጋሼ ታደለ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሉት አጭር ነው፤ ሰገነቱ ላይ ሲደርሱ ግን የቆመ ሰው መቀመጫ መፈለግ ይጀምራል።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግሎሪያ የምትባል ሴት መጣች። የውጭ አገር ሰው ናት፤ ግን ጥቁር ናት። ከብዙዎቻችን ትጠቁራለች። መቱ ግራ ገባው። ልጆቹ ፈረንጅ ብለው ሊከተሏት ጀመሩና ቀና ብለው ሲያዩዋት ተዉት። ሙዝ ሻጯ በኦሮምኛ አናገረቻት፤ ዝም አለች። ባለሱቁ በአማርኛ ሞከረ፤ አሁንም ዝም። ይቺ ሴት ኩራተኛ ናት ተባለና እኔ ተጠራሁ።

ወደ ጎሬ ስንወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሥራዋን ነገረችኝ። ለካ እሷም አስጎብኚ ናት። ባሕር ማዶ፣ መርከብ የሚቆምባት አንዲት አሮጌ ከተማ ውስጥ ነው የምትሠራው። እንግዶቿን ይዛ በትልልቆቹ ቤቶች በር እያለፈች፣ ይኼ በማን ጉልበት ተሠራ፣ ባለቤቱ ምን ሸጦ ከበረ፣ ጥቁሮቹ ከየት ተጭነው መጡ እያለች ታስረዳለች። የራሷም ቅድመ አያቶች በመርከብ ተጭነው የመጡ ናቸው። የባለቤቶቹ የልጅ ልጆች ይህን ሲሰሙ ምን ይላሉ አልኳት። ያዩኝ እንደሆነ መንገድ ይሻገራሉ አለችኝ። ጎሬ ቢሆን ወዴት ይሻገራሉ? እዚያ ማዶም የቆመው ያው ዘመድ ነው።

እኛ ዘንድ ምን አመጣት? ድሮ ከሱዳን የሚነሣ መርከብ በባሮ ወንዝ እስከ ጋምቤላ ይመጣ እንደነበር ሰምታለች። ከዚህ ተራራ ቡና በበቅሎ እየወረደ ይጫን እንደነበርም ሰምታለች። በዚያ ዘመን እዚህ የሚሸጠው ቡና ብቻ እንዳልነበረ፣ ሰውም ይሸጥ እንደነበር የነገራት አለ። እሱን የሚያሳየኝ ሰው ይኖር ይሆን አለችኝ። እኔ ጋሼ ታደለን አሰብኩና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

ጋሼ ታደለ የዚያን ቀን አሳመሩት። ቆንስሉ ምን ዓይነት ፈረስ ይወድ እንደነበር ሳይቀር አወሩ። ግሎሪያ ግን በቆምንበት ሁሉ አንድ ነገር ነው የምትጠይቀው፤ ሰው የሚሸጠው የት ነበር? ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትጠይቅ ጋሼ ታደለ አልሰሙም። ቆንስሉ ግቢ ስትጠይቅ ሰሙ፤ ግን እሱ እንኳ ወደ ታች ነው፣ ሩቅ ነው አሉ። መጋዘኑ ጋ ስትጠይቅ፣ ያ የዐረብ ነጋዴዎች ሥራ ነበር አሉ። ዐረቦቹ ጎሬን ከለቀቁ ቆይተዋል። የሄደ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰገነቱ ደረስን። ጋሼ ታደለ ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀስረው ጀመሩ። ከሸዋ የመጡትን አናጢዎች ጨርሰው ወደ ክፍሎቹ ስፋት ሲያልፉ ዞር ብል ግሎሪያ የለችም። ጓሮ ገብታለች።

ጓሮው ውስጥ ጭቃቸው የተቦረቦረ ዝቅ ያሉ ክፍሎች ተደርድረዋል። ዙሪያቸውን ችካል ተተክሏል። ጋሼ ታደለ እየሮጡ ደረሱና፣ ይኼ የሚታይ ነገር አይደለም፣ ክረምቱ ሲወጣ ይፈርሳል፣ ለእንግዶች መኪና ማቆሚያ ይሆናል አሉ። ግሎሪያ እዚህ ማን ነበር የሚያድረው ብላ ጠየቀች።

ጋሼ ታደለ ወደ እኔ ዞሩና «የቤት ልጆች በላት» አሉኝ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የቤት ልጆች አልኳት፣ ቃል በቃል።

«የማን ልጆች?» አለች።

አስተረጎምኩ። ጋሼ ታደለ ኮፍያቸውን አወለቁ። እንደ ቤተሰብ ነበሩ አሉ። የበላነውን በልተው፣ የጠጣነውን ጠጥተው ነው የኖሩት አሉ። ቤተሰብ ከነበሩ ለምን ትልቁ ቤት አላደሩም አለች። ቦታ ጠቦ ነው አሉ። ሰውየው አሁን የትልቁን ቤት ክፍሎች ስፋት ሲያወሩ የነበሩት ናቸው። እሱንም አስተረጎምኩ። ምን ላድርግ?

እትዬ ዘነበች እዚያው ግቢው መሃል የተሰጣ ቡና እያገላበጡ ነበር። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ከጓሮው ክፍሎች በአንደኛው ነው የሚኖሩት። ጎሬ የሚያውቃቸው የጋሼ ታደለ አክስት ቢጤ አድርጎ ነው። በየት በኩል አክስት እንደሆኑ የጠየቀ ሰው ግን አላውቅም። እንዲህ ያለው ነገር አይጠየቅም። ለምን እንደማይጠየቅ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

እትዬ ዘነበች ማገላበጫ እንጨታቸውን ጥለው ተነሡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ንገራት» አሉኝ። «እናቴን ከቆላ አምጥተው ያስገቧት እዚህ ነው። የገዟት የዚህ ቤት ጌታ ናቸው። እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው። ዱጉማ፣ እውነቴን ነው።»

ከዚያ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀሉ ቀጠሉ። እናታቸው ስትመጣ ልጅ ነበረች። ቋንቋዋን የሚሰማ ስላልነበረ ዝም ማለት ለመደች። ብርነሽ ብለው ስም አወጡላት። እናቷ ያወጣችላትን ስም ግን እትዬ ዘነበች አያውቁትም። ትንሽ ልጅ ሳሉ ጠይቀዋት ነበር፤ እናታቸው አለቀሰችና ዳግመኛ አልጠየቁም። አባታቸው ማን እንደሆኑ አልተናገሩም። ቀና ብለው ሰገነቱን አዩ፣ ከዚያ ጋሼ ታደለን አዩ። አፍንጫቸው አንድ ነው። እስከዚያ ቀን እንዴት እንዳላየሁት እንጃ።

ይህን ሁሉ አስተረጎምኩ። ግሎሪያ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ፣ ትልልቅ ቤት የእኔም ከተማ ሞልቷል አለች። እንዲህ ያለ ክፍል፣ እዚህ የኖረችው እናቴ ናት ከሚል ሰው ጋር ግን በሕይወቴ አላየሁም፤ የእኛዎቹን አፍርሰው ጨርሰዋቸዋል አለች። እትዬ ዘነበች «ኮቱ፣ ነይ» ብለው ደጃፋቸው ላይ አስቀመጧት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። አስተርጓሚ የፈለገ የለም።

ጋሼ ታደለ ትልቁ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። እንግዳ ሚኒባስ ድረስ ሳይሸኙ የማይለቁ ሰው ለስንብት እንኳ አልወጡም። እኔ ያን ጊዜ አለቀ ብዬ ነበር። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ነገ ተነሥተው ውጪልኝ ቢሏቸው እኚህ አሮጊት የት ይገባሉ? ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ደንገጥ እል ነበር።

ዝናቡ በርትቶ ሳለ ከጎሬ መልእክት መጣ። ወሬው ከተማውን ስላዳረሰ እሑድ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ነገሩ በአንተ ፊት ስለተነሣ ና ተባልኩ። ስደርስ ችካሎቹ ተነቅለዋል። ጋሼ ታደለ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው ተናገሩ። መቼም መናገሩን ያውቁበታል። አያቴ በድለዋል አሉ። እኛም እያወቅን ዝም ብለን ኖረናል አሉ። ክፍሎቹ አይፈርሱም፣ ይታደሳሉ አሉ። በመጨረሻ «ዘነበች፣ ይቅር በይን» ብለው ጎንበስ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሁላችንም ወደ እትዬ ዘነበች ዞርን። ይቅርታው ደግ ነው አሉ። ክፍሎቹ አለመፍረሳቸውም ደግ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ታደለ ዞረው፣

«አሁን እትዬ በሉኝ፣ ጋሼ ታደለ» አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። እትዬ ዘነበች በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉትን ልጅ፣ ታደለን፣ ጋሼና አንቱ ሲሉት ኖረዋል። እሱ ደግሞ ዘነበች፤ ባዶውን። ይቅርታ ሲጠይቅ እንኳ ዘነበች። ይህን ሁላችንም ስንሰማ ኖረናል፤ አንዳችንም ጆሯችንን አልቆረቆረንም።

ጋሼ ታደለ አፋቸውን ከፈቱ። ስለ ሞቱ አያት ይቅርታ መጠየቅ እንዲያ በቅልጥፍና የሄደላቸው ሰው፣ እዚህች ቃል ላይ ላብ አጠመቃቸው። ሳል አሉ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። እንደገና ሳል አሉ።

«እ... እትዬ ዘነበች» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት፣ ታደለ» አሉ እትዬ ዘነበች። ጋሼ የለ፣ አንቱ የለ።

ዛሬ ጉብኝቱ የሚያበቃው ጓሮው ውስጥ ነው። ጋሼ ታደለ ሰገነቱን አሳጥረዋል፤ ብዙም አይደለም። ከዚያ እትዬ ዘነበች፣ አክስቴ ናቸው ብለው ያስተዋውቃሉ፤ ግን እትዬ ከማለታቸው በፊት እስከ ዛሬ ያስላቸዋል። እንግዶቹ የጎሬ ጉም ጉንፋን ያስያዛቸው ስለሚመስላቸው ከረሜላ ይሰጧቸዋል። ከተማው ሰውየው ተለወጡ ይላል። እኔ ስላልተዋጠልኝ አንድ ቀን እትዬ ዘነበችን፣ እውነት ከልባቸው ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልቡ የራሱ ጉዳይ ነው» አሉኝ ቡናቸውን እያገላበጡ። «እኔ የፈለግኩት አፉን ነው።»