ሰባ ወንበር ለ«አዋላጇ መነጽር»

[የሰፈር ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ። የውሰት ክፍሉ ሠራተኛ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ስለሆነ ሰዉ «ሊቁ» ይለዋል። ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ያቃናል። የበሩ ጥበቃ ሁለት ወንበር ተሸክሞ፣ ማስታወቂያው ላይ አፍጥጦ ቆሟል።]

ጥበቃው፦ ቆይ እንጂ ጋሼ፣ መጽሐፉ ምን አጥፍቶ ነው?

ሊቁ፦ ማን አጠፋ አለህ?

ጥበቃው፦ ራስዎ በእጅዎ ጽፈዋላ! «በዚህ ወር የሚመከር መጽሐፍ፦ የአዋላጇ መነጽር።» የሚመከር ያጠፋ ነው።

ሊቁ፦ የሚመከረው አንባቢው ነው! «ይህን አንብብ» ተብሎ ይመከራል።

ጥበቃው፦ አሃ፣ ያጠፋው አንባቢው ነዋ።

ሊቁ፦ ማንም አላጠፋም!

ጥበቃው፦ እኔን አባቴ የሚመክሩኝ ሳጠፋ ብቻ ነበር። ያውም በአለንጋ።

ሊቁ፦ ወይ ፈጣሪ! አንተን በር ላይ ያቆመህ ሰው ብልህ ነው። በል ወንበሩን አስቀምጥ። ስንተኛህ ነው?

ጥበቃው፦ እነዚህን ስጨምር ሃምሳ ሁለት። አሥራ ስምንት ይቀረኛል።

ሊቁ፦ ሰባ ወንበር? ጤና የለህም እንዴ? ባለፈው ወር ስንት ሰው ነው የመጣው?

ጥበቃው፦ ሦስት።

ሊቁ፦ ሁለት በል። አንደኛዋ ዝናብ ልትጠለል ነው የገባችው።

ጥበቃው፦ እሷንማ አልቆጠርኳትም። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ ስማኝ። ኃላፊዋ ቁርጡን ነግራኛለች። ዛሬ ሠላሳ ሰው ካልሞላ የመጽሐፍ ውይይቱ ይቀራል፤ አዳራሹም የተሰበረ ጠረጴዛ ማከማቻ ይሆናል። እኔ ደግሞ ወደ መዝገብ ክፍል ወርጄ ዕድሜ ልኬን ከአቧራ ጋር ስወያይ እኖራለሁ። አንተ ባዶ ወንበር ደርድረህ ልታሳጣኝ ነው?

ጥበቃው፦ ኧረ ምን በወጣዎት! ይሞላል።

ሊቁ፦ [ኮቱን እያስተካከለ] እሱስ ይሞላ ይሆናል። መጽሐፉን አብጠርጥሬ ነው የማውቀው። መግቢያውን ብቻ ብነግራቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ይቀራሉ።

ጥበቃው፦ መግቢያውንማ እኔም አውቀዋለሁ።

ሊቁ፦ አንተ? መግቢያውን?

ጥበቃው፦ አሥራ አንድ ዓመት የቆምኩበትን! ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል፤ ሲዘጋ ሲጢጥ ይላል።

ሊቁ፦ የመጽሐፉን መግቢያ ነው የምልህ!

ጥበቃው፦ መጽሐፍም የሚገባው በዚያው ነው። ሌላ በር የለንም።

ሊቁ፦ ተወው፣ ተወው። ለአንተ የመጽሐፉን ጭብጥ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው።

ጥበቃው፦ ስንት ጭብጥ ነው?

ሊቁ፦ አንድ!

ጥበቃው፦ አንድ ጭብጥ ለሰባ ሰው? አይዳረስም ጋሼ።

[ከውጭ ጫጫታ ይሰማል። ጥበቃው ወጣ ብሎ ይመለሳል።]

ጥበቃው፦ መጥተዋል። ሰልፉ ከመንገዱ ማዶ ደርሷል።

ሊቁ፦ አትቀልድ! [በመጋረጃው ቀዳዳ ያጮልቃል] እውነትም! ጡረተኞቹ፣ ልብስ ሰፊዋ ከነቤተሰቧ፣ ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል! ቆይ፣ እነዚህ ፊት ለፊት ያሉት ሴቶች ሁሉም ነፍሰ ጡር ናቸው?

ጥበቃው፦ አምስቱ ናቸው። ከማስታወቂያው ግርጌ «በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ዓይናቸው ለደከመ» ብለው ጽፈው የለ? ከኋላ በምርኩዝ የቆሙት ደግሞ ዓይናቸው የደከመው ናቸው።

ሊቁ፦ ታዲያስ! የሕክምና መጽሐፍ ነዋ። አዋላጅ አለ፣ መነጽር አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? በገዛ እጄ ነው ጤና መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኩት።

ጥበቃው፦ ልብ ወለድ ነው ጋሼ።

ሊቁ፦ የልብ ሕክምናም አለበት?

ጥበቃው፦ ፈጠራ ነው የምልዎ። አዋላጇም የለችም፤ መነጽሩም የለም። ደራሲው ነው የፈጠራቸው።

ሊቁ፦ [ፊቱ አመድ ይመስላል] መጽሐፉን አምጣልኝ። ቶሎ!

ጥበቃው፦ [ከካፖርቱ ኪስ እያወጣ] ይኸው። ያለን ቅጂ አንድ ነው፤ ወሩን ሙሉ እኔ ጋ ነበር።

ሊቁ፦ በማን ፈቃድ?

ጥበቃው፦ በእርስዎ። «ለማን ነው የምትዋሰው?» ሲሉኝ «ለራሴ» አልኩዎት። እየሳቁ ፈረሙልኝ።

ሊቁ፦ [ገጾቹን በፍጥነት እያገላበጠ] አራት መቶ ገጽ! ስንት ደቂቃ ቀረን?

ጥበቃው፦ አምስት።

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ወንድሜ… የኔ ጌታ… ጋሼ ጥበቃው። እስቲ ባጭሩ ንገረኝ።

ጥበቃው፦ አዋላጇ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ያዋለደች ናት። ስታረጅ ዓይኗ ይከዳታል። «ሥራዬን ይነጥቁኛል» ብላ ለማንም ትንፍሽ አትልም። መነጽር ገዝታ ታደርጋለች፤ ግን ለይምሰል ነው እንጂ አይጠቅማትም። በእጇ ዳብሳ፣ በጆሮዋ አድምጣ ነው የምትሠራው። ሰዉ «እንዴት ያለ ዓይን አላት!» ይላል።

ሊቁ፦ ከዚያስ?

ጥበቃው፦ የገዛ ምራቷን ምጥ ያዛት። ሕፃኗ በእግሯ መጣች። አሮጊቷ ብትዳብስ መለየት አቃታት፤ ቤቱ ሁሉ እሷን ያያል። ያኔ መነጽሯን አወለቀችና «ልጆቼ፣ አላይም። አንዳችሁ ዓይን ሁኑኝ» አለች። ጎረቤቷ ዓይን ሆነቻት፤ ሕፃኗም በሰላም ተወለደች። [አፍንጫውን ይጠርጋል] እዚያ ጋ ስደርስ በሩ ላይ ቆሜ ተንሰቀሰቅሁ። አንድ ሰውዬ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ሴት ልጅ ተወለደች» አልኩት። አቅፎ ሳመኝና «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብሎኝ ሄደ።

[ሊቁ ከኪሱ ሁለት ገጽ ወረቀት አውጥቶ ያየዋል።]

ሊቁ፦ እኔ እኮ ስለ መነጽር አጠራረግ ነበር ያዘጋጀሁት።

ጥበቃው፦ በሩን ልክፈት?

ሊቁ፦ [ወረቀቱን ቀድዶ] ክፈት።

[ሕዝቡ ይገባል፤ ወንበሩ ጢም ይላል። ሊቁ ፊት ለፊት ይቆማል። ላብ አጥምቆታል።]

ሊቁ፦ የተከበራችሁ አንባብያን… ሃያ ዓመት ሙሉ «ይህን አንብቡ፣ ያንን አንብቡ» ስላችሁ ኖሬያለሁ። ይህን መጽሐፍ ግን አላነበብኩትም። ሽፋኑን ነው ያየሁት። ካወጣሁት አይቀር፣ የብዙዎቹን ያየሁት ሽፋናቸውን ነው። ያነበበው ጥበቃችን ነውና እሱ ይንገራችሁ።

[አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ይናወጣል። ጥበቃው ቆቡን አውልቆ ይናገራል፤ ሰዉ እየተቀባበለ ይጠይቀዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ወጥቷል። ሁለቱ ወንበር ይሰበስባሉ።]

ሊቁ፦ እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው! እንደዚያ ተዋርጄ ስቆም አጨበጨበልኝ። የውሰት ካርዱ ላይ ሠላሳ ሰው ተራ ይዟል።

ጥበቃው፦ ኃላፊዋም «በየወሩ ይቀጥላል» ብላለች። መዝገብ ክፍል መውረድ ቀረልዎት።

ሊቁ፦ ዕድሜ ላንተ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሰባ ሰው እንደሚመጣ በምን አወቅህ?

ጥበቃው፦ ወሩን ሙሉ ቦርሳ ስፈትሽ አንድ በአንድ ጠራኋቸው። እሺ ያሉኝን ቆጠርኩ።

ሊቁ፦ የአዋላጇን ታሪክ ነግረሃቸው?

ጥበቃው፦ መጀመሪያ እሱን ነበር የምነግራቸው። «ጥሩ ነው» ብለውኝ ያልፋሉ። በኋላ ዘዴ ቀየርኩ።

ሊቁ፦ ምን አልካቸው?

ጥበቃው፦ [ወንበር እያጠፈ] «ቅዳሜ ሊቁ ያላነበበውን መጽሐፍ ያብራራል፤ እንዳያመልጣችሁ» አልኳቸው።

ሊቁ፦ [ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ ብሎ] ነፍሰ ጡሮቹስ? እነሱ እንኳ በማስታወቂያዬ አይደለም የመጡት?

ጥበቃው፦ እነሱማ ከሁሉ ቀድመው ነው ቦታ የያዙት። «ሳቅ ለጽንሱ ጥሩ ነው» ብለው።

ሊቁ፦ ሰባውም ሰው በእኔ ሊስቅ ነው የመጣው?

ጥበቃው፦ ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉ! ስልሳ ስምንቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱ የመጡት መጽሐፉን ብለው ነው።