ጓድ ሊቀመንበርን ያለመቅደም ጥበብ

በዚህች ምድር ላይ ከመሸነፍ የሚከፋ ነገር ያለ አይመስላችሁም አይደል? አለ... ማሸነፍ! አትሳቁ። በደርግ ጊዜ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ መኪና ስለነበረኝ ነው የማውቀው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በላቸው አንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር ጎብኝተው ተመለሱ። ሌላው ከውጭ ሲመጣ ሸሚዝ ያመጣል፤ እሳቸው ሐሳብ ይዘው መጡ።

«ጓዶች! እዚያ በተፈጥሮ ሐይቅ ዙሪያ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ሠርተዋል። እኛስ ከማን እናንሳለን?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ያኔ ጭብጨባ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ሳታስቡት ይመጣል። ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«ሐይቁ የት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ከሸጎሌ ወዲህ ያለው ነዋ!»

«እሱ እኮ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ነው...»

«ተፈጥሮ የሠራው ነው፣ አይደለም?»

«ነው።»

«ውሃ አለው፣ የለውም?»

«ክረምት ክረምት... አለው።»

«በቃ፣ ሐይቅ ነው!»

ኩሬያችን በጭብጨባ ሐይቅ ሆነች። በዘመቻ ወጥተን ዙሪያዋን ደለደልን። ከዚያ ተወዳዳሪ ተፈለገ። በሰፈሩ የሚንቀሳቀስ መኪና ሁለት ብቻ ነበር፦ ጓድ በላቸው የሚነዱት የቀበሌው ላንድሮቨርና የእኔ አሮጌ ትንሽ ፊያት ሰይቼንቶ።

ባለቤቴ አስቴር ያዘችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንዳታሸንፍ!»

«በዚህች መኪና ማን ያሸንፋል ብለሽ ነው?»

«በጣምም ወደኋላ እንዳትቀር። አሻጥር ነው ይሉሃል!»

እስቲ ፍረዱኝ! ብቀድም አድኃሪ፣ ብዘገይ አሻጥረኛ።

እሁድ ደረሰ። እሁድ መኪና መንዳት ለነዳጅ ቁጠባ ተከልክሎ ነበር፤ ለእኛ ግን ተፈቀደ። ፊሽካው ሲነፋ ጓድ በላቸው ተፈተለኩ። እኔም በአክብሮት ተከተልኩ። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ለሕዝቡ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ሊያነሱ መሪውን ለቀቅ አደረጉ... የደለደልነው አፈር ተናደና ላንድሮቨሩ ኩሬው ውስጥ ቦጭረቅ!

ማንም አልሳቀም፤ ነጠላው ሁሉ ግን አፍ ላይ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል! ከፊቴ ባዶ መንገድ ተዘረጋ። ብቆም ውድድሩን አሰናከልኩ፤ ብነዳ ሊቀመንበሬን ውሃ ውስጥ ጥዬ አሸነፍኩ። ዞሬ አስቴርን አየኋት። በአገጯ ኩሬውን አመለከተችኝ። «በስመ አብ» አልኩና መሪውን ጠመዘዝኩ... ቦጭረቅ!

ጓድ በላቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው አፈጠጡብኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ገባህ?»

«እርስዎን ተከትዬ ነዋ፣ ጓድ ሊቀመንበር!»

እኔማ እስር ቤቱ፣ ስንቅ የምታመላልሰው አስቴር... ሁሉም ታየኝ። ጓድ በላቸው ግን ጭቃውን ከፊታቸው ጠረጉና፣ «ዲሲፕሊን ማለት ይህ ነው!» አሉ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። በቀጣዩ ስብሰባ «ውድድሩ በጋራ ድል ተጠናቀቀ» ተባለ። ሰይቼንቶዬ ሞተሯ ውሃ ጠጥቶ ቀረች፤ እኔ ግን በሰላም አልጋዬ ላይ አደርኩ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። ሊቀመንበርም አይቀደም! እናንተም ከአለቃችሁ ጋር መሽቀዳደም ካማራችሁ፣ ምክሬን ስሙ፦ ከመንጃ ፈቃዱ በፊት ዋና ተማሩ።