ለቀይ መኪና የተሳልኩት ጃንጥላ

በአገራችን ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው የሚፈቀድለት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መጸለይና መታመም። ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። አይከፉም። ግን ሁለቱም ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አይሄዱም።

«ምን ነካቸው እኚህ ሴትዮ» ማለታችሁ አይቀርም። ልንገራችሁ። ባለፈው ኅዳር ባለቤቴ ትቶልኝ ያለፈውን አሮጌ ቮልስ ሰጥቼ አንዲት ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ልትስም ያጎነበሰች የምትመስል የስፖርት መኪና ወሰድኩ። አዲስ አይደለችም። ከእኔ በፊት ዱባይ ውስጥ አንድ ሰው ነድቷታል፤ እንዴት አድርጎ እንደነዳት እሱና እግዜር ያውቃሉ።

ሐሳቡን ያመጣው ሚኪ ነው። ሚኪ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወረድ ባለው ግቢ መኪና የሚሸጥና የሚለውጥ ወጣት ነው። ጥቁር መነጽሩን ዝናብ ሲዘንብም አያወልቅም። የእኔ ቮልስ ባለፈች ቁጥር ታቦት እንዳለፈ ቆሞ ያሳልፋት ነበር። አንድ ቀን አላስችል አለው።

«ማዘር፣ ይቺን ቮልስ ለእኔ ይስጡኝና ከዚህ ግቢ የፈለጉትን ይውሰዱ።»

«የፈለግሁትን?»

«የፈለጉትን።»

ጣቴን ወደ ቀይዋ ቀሰርኩ። ለቀልድ ነበር። ሚኪ ግን በመኪና አይቀልድም፤ ወዲያው በሩን ከፍቶ አስቀመጠኝ። ወንበሯ ጉድጓድ ነው። ሲገቡ በራሱ ይስባል፣ ሲወጡ ግን ጸሎት ይፈልጋል። ቁልፉን ሲያዞረው ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር አጓራ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ሌላ ነገር ሲጮህልኝ ምን ያህል ደስ እንደሚል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ልጄ ኤፍሬም ማታ መጥቶ መኪናዋን በር ላይ ቆማ ሲያያት ዙሪያዋን ዞረ።

«እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አንቺ እኮ የምትሄጂው አትክልት ተራ ነው።»

«አትክልት ተራም በመንገድ ነው የሚኬደው።»

ኤፍሬም ክፉ ልጅ አይደለም። ብቻ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ መንዳት እንድተው ይፈልጋል። «እኔ አደርስሻለሁ» ይላል። ያደርሰኛልም። ግን የሚያደርሰኝ እሱ ሲመቸው ነው፤ ቅዳሴ ደግሞ የእሱን መመቸት አይጠብቅም። ቁልፉን ያስረከብኩ ዕለት ከቤቴ ደጅ የምወጣው በልመና እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ተደራደርን።

«ይቺ አሮጌ መኪና አንድ ቀን ተበላሽታ ተጎትታ ከመጣች፣ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ» አለ።

«ተጎትታ ከመጣች፣ እሺ። እስከ መቼ?»

«እስከ ሚያዝያ ጊዮርጊስ። እስከዚያ ካልተጎተተች ሁለተኛ አላነሣብሽም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በማግስቱ ሚኪ ደወለ። «ማዘር፣ የተራዘመ ዋስትና ይግዙ እንጂ። ያገለገለ የስፖርት መኪና ያለ ዋስትና መንዳት እኮ... ያለ ንስሐ መሞት ማለት ነው።»

በእኛ ጊዜ ዋስ ሰው ነበር። ኮቱን ለብሶ ይመጣና «እሱ ካጠፋ እኔን ያዙኝ» ይላል። ያኛው ሲያጠፋ ሄዳችሁ የዋሱን በር ታንኳኳላችሁ። የዚህኛው ዋስ በር የት እንዳለ ሚኪ ራሱ አላወቀም። ቢሆንም ከመጎተት ካዳነኝ ብዬ ወረድኩ። ወረቀቱን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ሞተሩ ቢበላሽስ?» አልኩት።

«ይሸፈናል። በእርጅና ምክንያት ካልሆነ።»

«አሮጌ መኪና አይደለች እንዴ?»

«ናት።»

«ካምቢዮውስ?»

«ይሸፈናል። ከአገልግሎት ብዛት ካልሆነ።»

«ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ባትሪው?»

«እነሱ አላቂ ዕቃ ናቸው፣ ማዘር።»

«እኔም አላቂ ነኝ። በፍጥነት ብነዳትስ?»

«እሱ ዋስትናውን ያፈርሰዋል።»

«የስፖርት መኪና ናት አላልከኝም?»

«ናት። ግን...» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ስፖርቱን ካላሠሯት ነው።»

«እንግዲህ ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ነው።»

ሚኪ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ደግ ዓይን ነው ያለው። «ዋስትናው ኮብልስቶንን አይመለከትም» አለ።

«ታዲያ መንገድ ላይ ብትቆምብኝ ምን ታደርጉልኛላችሁ?»

ፊቱ በራ። «እሱማ በነፃ ነው፣ ማዘር። በየትኛውም ሰዓት መጥተን ጎትተን እንወስዳታለን።»

ቦርሳዬን አነሣሁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። የሚኪ ወረቀት ግን የያዘው ነገር አልነበረም፤ የጎደለው ሞኙ ብቻ ነበር። አስቡት፤ እኔ የምፈራው መጎተትን ነው፣ እሱ የሚሸጥልኝ መጎተትን ነው!

ከዚያ ወደ ጊዮርጊስ ደጅ ሄድኩ። ወጣት አንባቢ ካላችሁ ስለት ከዋስትና በምን እንደሚለይ ላስረዳችሁ። ዋስትና ቀድማችሁ ትከፍሉና ነገር ሲመጣ ይከራከሯችኋል። ስለት ግን የለመናችሁት ከደረሰ በኋላ ነው የምታስገቡት። ካልደረሰ ማንም በራችሁን አያንኳኳም። እንዲህ ያለ ውል ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ብትዞሩ አታገኙም።

«ፈረሰኛው» አልኩ፣ «እስከ በዓልህ ሳትጎተት ካደረስክልኝ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ።»

ኮብልስቶን ይመለከታል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። በፈረስ የሚሄድ ሰው መንገድ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ወራት እንዴት ልንገራችሁ... በመጀመሪያው ሳምንት ጎመኔን ላስቀምጥ የፊቷን ኮፈን ብከፍት ሞተር አገኘሁ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጎመን ከፊት ቀድሞኝ ሲሄድ ነው የኖርኩት። አሁን ሞተር ይቀድመኛል፣ ጎመን ይከተለኛል። ነገሩ ሁሉ ቦታውን የያዘ መሰለኝ።

አንድ ቀን መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ጎረምሳ አጠገቤ ቆመ። መኪናዋን አየ፣ ነጠላዬን አየ፣ ጎንበስ ብሎ በመስኮት አየኝ።

«ማዘር፣ የልጅዎትን ይዘው ጠፍተው ነው?»

«ልጄ ገና አልደረሰባትም» አልኩት።

አረንጓዴ በራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ዋስትናውን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ያኔ ይፈርስ ነበር ማለቱ ይበቃል። በመስታወት ሳየው ጎረምሳው ገና እግሩን ከመሬት አላነሣም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀረው። የፋሲካ ሽንኩርት ልገዛ አትክልት ተራ ወረድኩ። ሽንኩርቱን ከኋላ አስጭኜ ስወጣ ጉብታ ነበር፤ መኪና እንዳይፈጥን የሚሠሩት ዓይነት። የፊት ጎማዬ ተሻገረ። የኋላው ግን አልተሻገረም። መኪናዋ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ጉብታው ላይ ቁጭ አለች። ነዳጅ ብሰጣት ትጮሃለች እንጂ አትነሣም።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወፍራም ገመድ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አይዞዎት እማማ፣ በአንድ ጊዜ ጎትቼ አወጣታለሁ።»

«ገመዱን መልስ» አልኩት።

«ለምን?»

«ገመድ ዋስትናዬን ያፈርሰዋል።»

ሾፌሩ ወደ ሰዉ ዞሮ በዓይኑ ጠየቀ። ያን ጊዜ ዘበርጋ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ብቅ አለ። ዘበርጋ የአትክልት ተራ ተሸካሚዎች አለቃ ነው፤ ዕቃዬን ሲያወጣልኝና ሲያወርድልኝ የኖረ ሰው።

«እትዬ፣ ካልተጎተተች ታዲያ ምን ትሁን?»

«የእናንተ ሥራ ምንድን ነው?»

«መሸከም።»

«እንግዲህ።»

ዘበርጋ መኪናዋን ዞሮ አያት። ዳር ዳሯን እንደ ጆንያ ዳበሳት። «መያዣ የላትም» አለ ቅር ብሎት። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ባልደረቦቹን ጠራ። ከየጋሪው፣ ከየድንች ክምሩ ሥር መጡ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይውረዱ።»

«መሪውን ማን ይይዘዋል?»

ለእናንተ ግን እውነቱን ልናገር። ወንበሩ ጉድጓድ ነው ብያችኋለሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ከዚያ ውስጥ በእጅና በጉልበቴ መውጣት አልፈለግሁም።

ዘበርጋ ቆጠረ። ተሸካሚዎቹ በአንድ ድምፅ አጓሩ። መኪናዋ ተነሣች፤ እኔም ተነሣሁ። ከመስታወቱ ውጭ የሰው አናት ብቻ ይታየኛል። አንዲት ቲማቲም ሻጭ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ሙሽራው የታለ?» አለ አንዱ ተመልካች።

«ከኋላ ነው» አለ ሌላው፣ «ሽንኩርት ታቅፏል።»

መሪውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ወደፊት እያየሁ ተቀመጥኩ። ፊቴ ላይ ምንም እንዳልታየ እርግጠኛ ነኝ። ሆዴ ውስጥ የነበረውን ደግሞ ለማንም አልናገርም። ብቻ... ጉብታው ትንሽ ሰፋ ያለ ቢሆን አልጠላም ነበር።

አሻግረው አስቀመጡኝ። አመስግኜ፣ እጃቸውንም ሳላሳፍር ነድቼ ሄድኩ። ፒያሳ ግን ከእኔ መኪና ይፈጥናል፤ ቤት ስደርስ ኤፍሬም ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል።

«ቁልፉን።»

«ለምን?»

«ተጎትተሻላ!»

«አልተጎተትኩም።»

«እማዬ፣ ከተማው ሁሉ አይቶሻል።»

«ካየኝ ከተማ ገመድ ያየ ሰው አምጣ።»

ስልኩን አውጥቶ የተላከለትን ቪዲዮ ከፈተ። ገመድ ፈልጎ አየው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግሞ አየው። እልልታው ጋ ሲደርስ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ እያፈነ ነበር።

«ተሸከሙሽ እኮ» አለ።

«መሸከም በውላችን የለም። ካልገባህ ሚኪ ጋ ሄደህ ተማር፤ እኔም የተማርኩት ከእሱ ነው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እኔ እኮ ለጊዮርጊስ ምንጣፍ ተስዬ ነበር» አለ።

«ምን ብለህ?»

«ቁልፉን በሰላም እንድትሰጪኝ።»

እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ቤት፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቅዱስ፣ ሁለት ስለት። እናት በጃንጥላ ወደዚህ ትስባለች፣ ልጅ በምንጣፍ ወደዚያ ይስባል። ፈረሰኛው ይህን ሲሰማ ልጓሙን ሳብ አድርጎ የቆመ ይመስለኛል።

«ስልኬ በጮኸ ቁጥር» አለ ኤፍሬም፣ «ስላንቺ እየመሰለኝ...»

አልጨረሰውም። እኔም ጨርሰው አላልኩትም። ገብቼ ሻይ አፈላሁለት፤ ስኳሩንም እንደሚወደው አበዛሁለት።

ነገሩን ወደ ንስሐ አባታችን ወሰድነው። ጃንጥላው ግልጽ ነው፤ ምንጣፉስ? ኤፍሬም «የለመንኩት ስላልደረሰ ነፃ ነኝ» ብሎ ተከራከረ። አባታችን ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙት።

«ልጄ፣ አንተም መልስ አግኝተሃል» አሉት።

«ምን መልስ፣ አባ?»

«እምቢ። እምቢም መልስ ነው። ምንጣፉን ይዘህ ና፤ የእኛው አልቋል።»

ሚኪ ይህን ቢሰማ ሙያውን ይቀይር ነበር።

በዓሉ ደረሰ። ጃንጥላውን ጭኔ ላይ አጋደምኩት። ምንጣፉ ግን ከዚያች መኪና ውስጥ አልገባ ብሎ፣ ተጠቅልሎ በኤፍሬም መስኮት አንገቱን አውጥቶ ሄደ። ኮብልስቶኑን ቀስ ብለን ወጣነው። ስለታችንን አስገባን። ጃንጥላዬ ሲዘረጋ ዘርፉ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ፤ ኤፍሬም ምንጣፉን ሲያነጥፍ ጫማውን አውልቆ ጥግ ጥጉን በእጁ አስተካከለ።

ስንወጣ መኪናዋ አጠገብ ቆም አለ። በእጁ ጣሪያዋን ነካ አደረጋት። በመስኮት መሪውን አየ። ልጅ ሳለ የሰው ብስክሌት ሲያይ እንዲህ ነበር የሚያየው።

«እማዬ... በመልሱ እኔ ልንዳት?»

«ዋስ ጥራ» አልኩት።

ወደ ጉልላቱ ቀና ብሎ ሳቀ። «ዋሴ ጊዮርጊስ ነው።»

«እሱ ተይዟል» አልኩና ሞተሩን አስነሣሁ።