መጣጩን ወድጄዋለሁ፣ ምን ይጠበስ?

እኔ ደግ ሰው የበዛበት ታሪክ ቶሎ ይሰለቸኛል። ምን ላድርግ፣ አልዋሻችሁ! ፊልም ይሁን፣ ተረት ይሁን፣ የሬዲዮ ድራማ ይሁን፣ እኔ የምጠብቀው ክፉው ሰው እስኪመጣ ነው። ደጉማ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ይመክራል፣ ይታገሣል፣ መጨረሻ ላይ ያሸንፋል። ታዲያ ምኑን ልየው? ልጆቼ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሁልጊዜ ከክፉው ጋር ነሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እነሱ መጣጩን አላዩትማ።

ነገሩ አዋሳ ነው። ያኔ ሐዋሳ አንላትም ነበር፤ እኔም በለመደው አፌ አዋሳ ልበላት። ዘመኑ የደርግ ነው። ጓድ ሞልቷል፣ ስኳር የለም። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንዲት ሻይ ቤት ነበረችኝ፤ ፊት ለፊቷ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ነው። በቀበሌው አጥር ላይ ደግሞ የግድግዳ ጋዜጣ የሚባል ሰፊ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ማንም አያነበውም። እኔ ግን አነበው ነበር። ለምን መሰላችሁ? መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ገና በዚያ ሰሞን ነው። አዲስ አንባቢ ደግሞ አይመርጥም። የሳሙና መጠቅለያ አነብ ነበር። የመድኃኒት ብልቃጥ አነብ ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ በሬ ላይ ቆሜ ስለ ምርት ዕቅድ ሳነብ እውላለሁ። ምኑም አይገባኝም፤ ማንበቤ ብቻ ደስ ይለኛል።

ሰሌዳውን የሚሠራው ታፈሰ የሚባል ሠዓሊ ነው። ድሮ የቡና ቤትና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ይሥል ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ቀበሌው ወሰደውና ጢማቸው የተንዠረገገ የውጭ አገር ሰዎች ብቻ ያሥለው ጀመር። ለበዓል ጢም። ለስብሰባ ጢም። ለሰልፍ ጢም። «እትዬ ዘነበች፣ ሰው አገጭ እንዳለው ልረሳ ነው» ይለኝ ነበር፣ ሻዩን ይዞ በራፌ ላይ ቁጭ ብሎ። ታፈሰ ቀልደኛ ነው፤ ይህን ሲለኝ ግን አይስቅም።

እንግዲህ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ጠፋ። ጠፋ ስላችሁ ቀነሰ ማለቴ አይደለም፣ ድራሹ ጠፋ። ደንበኞቼ ከረሜላ በጉንጫቸው ይዘው እየመጡ በዚያ ሻይ ይጠጡ ነበር። የቻለ ጨው ጨመረበት። ሰልፉ ላይ ማጉረምረም ተጀመረ፤ ማጉረምረሙ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ የጓድ ግርማ ጆሮ ደረሰ። ጓድ ግርማ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እሱ ነው ችግሩ፤ ክፉ ቢሆን እወደው ነበር። አሰበ አሰበና ታፈሰን ጠራው። በሰሌዳው ላይ በየሳምንቱ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ይውጣ፣ ስኳሩን የወሰደው አሻጥረኛ በሥዕል ይጋለጥ፣ ሕዝቡም ይንቃ አለ። «ሕዝቡ እንዳየው የሚጠላውን ሰው ሣልልኝ» ነበር ትእዛዙ። ጢም የሌለው ሰው ሣል ሲባል ታፈሰ ያን ቀን ምሳም አልበላ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤቴን ልከፍት ስመጣ አየሁት። ክው አልኩ።

ረጅም ነው። ቀጭን ነው። እስከ መሬት የሚደርስ ጥቁር ካባ ለብሷል። ነፋስ የለም፣ ካባው ግን ይውለበለባል። አፍንጫው ግን! መጣጩ የተባለው በአፍንጫው ነው። ከታቦር ተራራ ዋሻው ይወርድና፣ ሐይቁን በጉማሬ ጀርባ ተሻግሮ፣ የመጋዘኑ ግድግዳ ጋ ይቆማል። ከዚያ አንዴ ወደ ውስጥ ይስባል። ስኳሩ ከጆንያው ይነሣል፣ በግድግዳው ስንጥቅ ይሾልካል፣ ተንፎልፍሎ አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ጨው። ቀጥሎ ሳሙና። ሳሙና በአፍንጫ እንዴት እንደገባ እኔም አልጠየቅኩም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ሲጨርስ ወደኛ ዞሮ አንድ ዓይኑን ይጠቅሳል። እኔን የጠቀሰኝ ነው የመሰለኝ! ባለትዳር ሴት፣ በጠዋት፣ ቀበሌ ፊት ለፊት።

እንከን የለውም አልላችሁም። ጥቁሩ ቀለም አልቆበት ነው መሰል፣ ካባው መሐል ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ጉማሬውም ፊቱ የሰው ፊት ነው፤ እንዲያውም የማውቀው ሰው ይመስለኛል። ትልቁ እንከን ግን ጀግናው ነው። ንቁ ጓድ ይባላል። መጨረሻው ሥዕል ላይ እጁን አንሥቶ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ይናገራል። ይናገራል፣ ይናገራል። ንግግሩ ግማሹን ሰማይ ሞልቶት እሱ ከሥር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። መጣጩ መጋዘን ሲያራግፍ ይህ ሰው ገና መግቢያውን አልጨረሰም። እኔ ደግሞ ፊደል በፊደል ነው የማነበው፤ የሱን ንግግር እስክጨርስ የጣድኩት ውሃ ተንተክትኮ አለቀ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው ስኳር የሚያስመልስልን?

ሳምንት ሳይሞላው ሰሌዳው ሥር ሰው መቆሚያ አጣ። ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ አንድ ድሬሰር ለዚሁ ብሎ በብስክሌት ይመጣ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ነጠላና አንሶላ እየለበሱ መጣጩን ይጫወታሉ፤ ንቁ ጓድን የሚሆን ልጅ ግን በግድም አልተገኘ። እማማ ማርታ ደግሞ አሉ። ከቱላ ወተት የሚያመጡልኝ የሲዳማ እናት ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ሥዕሉን ያዩና ጽሑፉን እኔ አነብላቸዋለሁ። ከካባው እስከ ጉማሬው አንድ በአንድ አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ሚስት የለውም?» አሉኝ።

«ኧረ አልተጻፈም፣ እማማ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ስኳር ለማን ነው? ብቻውን ሰው ሻይ ይጠጣል?»

ይህን ለታፈሰ ነገርኩት። ሁለተኛው ሥዕል ሲወጣ ምን ሆነ መሰላችሁ? መጣጩ በዋሻው ውስጥ የስኳር ክምር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ሻይ ቀርቧል፣ ከሻዩ ማዶ ባዶ በርጩማ አለ። «ከማን ጋር ልጠጣው?» ይላል። አንጀቴን በላው! በሬ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ስኳሬን ለወሰደብኝ ሰው አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ጓድ ግርማ ግን አፈረ፣ ተናደደም። ሕዝቡ እንዲጠላው የተሣለ ሰው ተወደደ። ይባስ ብሎ ሰልፍ ላይ ስኳር የለም ሲባል ሰዉ ሁሉ ወደ ታቦር ተራራ ዞሮ «በርታ!» ማለት ጀመረ። በማግስቱ ታፈሰን ከሰሌዳው ሥር ብሩሹን እንደያዘ ወሰዱትና ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ቆለፉበት። የዚያች ክፍል ነገር ያን ዘመን ላየ ሰው አይነገርም። ከዚያ ሰው ወይ ወደ ቤቱ ይወጣል፣ ወይ «ወደ ላይ ይተላለፋል»። ወደ ላይ ከተላለፉት ውስጥ ተመልሶ ሻይ ቤቴ የገባ አላስታውስም።

ከዚያ ጓድ ግርማ ሻይ ቤቴ መጣ። ቁጭ አለ። ደግነቱ ፊቱ ላይ ይፈስ ነበር።

«ጓድ ዘነበች፣ አንቺ አዲስ አንባቢ ነሽ፤ ማንም አይፈርድብሽም። እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥተሽ ሥዕሉ አሳስቶኛል፣ ሠዓሊው ይጠየቅልኝ በይ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

«ባልልስ?» አልኩት።

«የሻይ ቤትሽ ፈቃድ እኮ እኛ ጋ ነው» አለኝ፣ እንደ ወንድም በለሰለሰ ድምፅ።

ለታፈሰ ሻይ ወሰድኩለት። ስኳር የሌለው። ጠባቂው ወዲያ ሲል በበሩ ስንጥቅ ነገርኩት። «በይው እትዬ ዘነበች፣ ልጆች አሉሽ» አለኝ። ይሰድበኛል፣ ይለምነኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እንዲያ ሲለኝ ንድድ አለኝ። ፈርቼ ነበር የመጣሁት፣ ስመለስ ፍርሃቱ የት እንደገባ እንጃ። አሳስቶኛል? እኔን? ሳነብ ዓይኔ የበራልኝ በዚያ ሰሌዳ ነው እኮ! ማንበብ እንዲህ እንደሚያስለቅስ ማን ነገረኝ?

አሁን ስለ ስብሰባችን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሳታውቁት ነገሩ አይገባችሁም። በቀበሌያችን እሑድ እሑድ ስብሰባ አለ፤ ያልመጣ የቀበሌው ሱቅ ወረፋ ያልፈዋል። አዳራሹ ይሞቃል። ሴቱ ጥጥ ይፈትላል፣ ወንዱ ያንቀላፋል። ሊቀመንበሩ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ተናጋሪ በተቀመጠ ቁጥር «ሐሳብ ቀርቧል፣ የምትደግፉ?» ይላሉ። ያኔ እጅ ይወጣል። የቀረበው ምን እንደሆነ የሰማ የለም፣ እጁ ግን መንገዱን ያውቃል። ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው ደግሞ የጓድ ግርማ እጅ ነው፣ አርአያ ነዋ። እኔም ስንቱን ነገር ደግፌያለሁ! ስለ ናሚቢያ ደግፌያለሁ። ስለማላውቀው ግድብ ደግፌያለሁ።

እሑድ ደረሰ። ታፈሰን አምጥተው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጓድ ግርማ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ረዘም ያለ ንግግር አደረገና «አሁን ከተሳሳቱት አንዷ ሐሳብ ትሰጣለች» ብሎ ተቀመጠ። የምትለውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ ብሎ፣ ወዲያው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ማውራት ጀመረ። ተነሣሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ አልኩ፦

«ሥዕሉ አላሳሳተኝም። ስኳሩን የወሰደው መጣጩ ነው ብላችሁናል፤ አምኛለሁ። እንግዲህ ወሳጁ መጣጩ ከሆነ ግለ ሂስ ማድረግ ያለበት እሱ ነው፣ የሣለው ሰው አይደለም። እሱ አይደለም ካላችሁ ደግሞ ወሳጁን ሌላ ሰው ንገሩን። ስለዚህ ታፈሰ ይፈታና፣ በሚመጣው ሥዕል መጣጩን ሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ያስደርገው። ሐሳቤ ይኸው ነው።»

ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ብንን አሉ።

«ሐሳብ ቀርቧል፣ የምትደግፉ?»

እጅ ወጣ። አዳራሹ ሙሉ። የፈታዮቹ እጅ ከነእንዝርቱ ወጣ። ከሁሉ ቀድሞ ደግሞ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወትሮው፣ የጓድ ግርማ እጅ። ወሬውን ሳያቋርጥ!

«የምትቃወሙ? የለም። በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» አሉ ሊቀመንበሩ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ሰው ከኋላ ሳቁ ያመለጠው። ጓድ ግርማ ዞር ዞር አለ። ታፈሰ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ጓድ ግርማ ምን እንደተወሰነ ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ። ስህተት አለ፣ ድምፅ ይደገም ብሎ ጮኸ።

«ጓድ ግርማ፣ እርስዎ እኮ ቀድመው ደግፈዋል» አሉት ሊቀመንበሩ በትሕትና። «ደግሞ ሰፊው ሕዝብ በሙሉ ድምፅ የወሰነውን ማን ይሽራል? እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

ታፈሰ በዚያው ቀን ቤቱ ገባ። እኔ ፈቃዴን አልተነጠቅኩም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለሌላው ሻይ ቤት ስኳር በመጣ ቁጥር የእኔ ድርሻ ሳይደርሰኝ ያልቃል። ይለቅ! ደንበኞቼ ከረሜላቸውን ይዘው እኔው ጋ ይመጡ ነበር።

ሦስተኛው ሥዕል ቅዳሜ ጠዋት ወጣ። አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ነው። አዳራሹ የእኛ አዳራሽ ነው። መጣጩ መድረክ ላይ ቆሟል። ካባውን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎታል፤ ያለ ካባው ትከሻው ጠባብ፣ ተራ ሰው ነው። ንቁ ጓድ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተዘግቷል። ከመጣጩ አፍ የወጣው ቃል አጭር ነው፤ እኔ እንኳ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። «ስኳሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የት እንዳለም አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እኔ በዚያ አዳራሽ ስንት ግለ ሂስ ሰምቻለሁ። አንዱ ንቃተ ህሊናዬ ዝቅ ብሏል ይላል፣ ሌላው በቂ አላነበብኩም ይላል፣ ሌላው ለስብሰባ አርፍጃለሁ ይላል። «እኔ ነኝ የወሰድኩት» ያለ ሰው ግን በዚያ ዘመን ከመጣጩ በስተቀር አላየሁም።

እማማ ማርታ ወተታቸውን አስቀምጠው ቀረብ አሉ። «ምን አለ?» አሉኝ። አነበብኩላቸው።

«እስቲ ድገሚልኝ፣ ያንን እኔ ነኝ ያለውን።»

ደገምኩላቸው። ጮክ ብዬ፣ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ዞሬ፣ ፊደል በፊደል። ውስጥ የነበሩት ኃላፊዎች አንድ በአንድ እየተነሡ መስኮቶቻቸውን ዘጉ። ከዚያ ሥዕል ክፉ ሰው እንደሚሸነፍ ነበር እንድንማር የተፈለገው። እኔ የተማርኩት ግን ክፉው ጥፋቱን ሲያምን መስኮት የሚዘጉት ደጎቹ መሆናቸውን ነው።